ወንዝ፣ ቢሮና ሻንጣ

ተጠራጣሪ፦ በዋሽንግተን ከተማ ሙሉ ሰዓት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በሚያዝያና በግንቦት የአካባቢውን ወንዞች እየተከታተለ፣ በሰኔ አጋማሽ ወደ ሞንታና ለሚያደርገው የዓሣ ማጥመድ ጉዞም እየተሰናዳ፣ ሥራውን ሳይበድል ሊዘልቅ ይችላል የሚባለው አሳብ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሦስቱም የሚሻሙት አንዱኑ የሳምንት ሰዓት ስለሆነ፣ የአንዱ ድርሻ ሳይቀነስ የሌላው የሚሞላበት መንገድ ገና አልታየም። በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ከሌላው የማጥመድ ዓይነት ይልቅ ጊዜ የሚፈጅ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

የወንዝ ወዳጅ፦ ዘዴው ጊዜ የሚፈጅበት ምክንያት አስቀድሞ ቢብራራ ክርክሩ መልክ ይይዛል። በተለመደው ማጥመድ ክሩን ይዞ የሚወረወረው በመንጠቆው አጠገብ የሚታሰረው ክብደት ነው፤ በዚህኛው ግን በመንጠቆው ላይ በላባና በጸጉር የተሠራው ዝንብ እጅግ ቀላል በመሆኑ የሚወረወረው ራሱ ወፍራሙ ገመድ ነው። ገመዱ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ዘንጉም ሲቃና ገመዱን ወደ ፊት ይልከዋል፤ ይህን የሚለምደው እጅ እንጂ አእምሮ ስላልሆነ በንባብ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። ጸደይ የሚመረጠው ደግሞ ዓሣው የሚመገባቸው ነፍሳት በብዛት ከውኃ የሚወጡበት ወቅት በመሆኑ ነው። ሜይፍላይ የተባለው ነፍሳት ዓመት ያህል በወንዙ ወለል ላይ በእጭነት ከቆየ በኋላ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ ክንፍ ያበጃል፤ በዚያን ጊዜ የሚያገለግል አፍ ስለሌለው ምንም ሳይበላ ለመራባት ብቻ ጥቂት ሰዓታት ወይም አንድ ሁለት ቀን ኖሮ ይሞታል። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በእነዚያ ሰዓታት ወደ ላይ አንጋጦ ይመገባል፤ አጥማጁ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ችግሩ ከዚሁ ማብራሪያ ይወለዳል። ከባልቲሞር በስተሰሜን በሚገኘው በጋንፓውደር ወንዝ በሚያዝያ የሚታየው ሄንድሪክሰን የተባለው የሜይፍላይ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለበት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አንሥቶ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ስብሰባ የሚጠራበትና ወረቀት የሚፈረምበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ ቢጠበቅ ብርድ ሊመለስ ወይም ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ነፍሳቱ ለሠራተኛው ቀን አይቆርጥለትም፤ ቀጣሪው ግን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይቆርጣል።

የወንዝ ወዳጅ፦ ሄንድሪክሰን ለቢሮ ሰው እንደማይመች አያከራክርም፤ ስለዚህ ይተው። ጸደይ የአንድ ነፍሳት ወቅት አይደለም። በዚያችው በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ ከጆርጅታውን ብዙም በማይርቀው ፍሌቸርስ ኮቭ በተባለው የፖቶማክ ዳርቻ፣ ሻድ የተባለው ዓሣ ለመራባት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በሚያዝያ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ዓሣ የሚመጣው ለሳምንታት እንጂ ለአንዲት ከሰዓት በኋላ አይደለም፤ በተለይ ደግሞ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለዝንቡ ይፈጥናል። ትልቁ የአሜሪካ ሻድ ቁጥሩ ክፉኛ ተመናምኖ ስለነበር ከተያዘ በኋላ መለቀቅ አለበት እንጂ ወደ ድስት አይሄድም፤ ሆኖም የሚፈለገው ማጥመዱ ከሆነ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። በግንቦት ደግሞ በዚያው በጋንፓውደር ሳልፈር የሚባሉት ቢጫማ ሜይፍላዮች ወደ ምሽቱ እየተጠጉ ይወጣሉ፤ የአሜሪካ ሰዓት በመጋቢት ገደማ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። የቢሮ ሠራተኛ ብቻ መታሰቡም ክርክሩን ያጠብበዋል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ታክሲ የሚያሽከረክረው፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው በታሰረበት በ8 ሰዓት ነጻ ናቸው።

ተጠራጣሪ፦ የሌሊት ተረኛ የሆነች ሴት በ8 ሰዓት ነጻ ናት ማለት በዚያ ሰዓት መተኛት የሚገባት ሰው ናት ማለት ነው፤ ከእንቅልፍ የተሰረቀ ሰዓት ከሥራ ከተሰረቀው ይልቅ ሕጋዊ ይምሰል እንጂ ዋጋው ያንኑ ያህል ነው። ከዋሽንግተን እስከ ጋንፓውደር ያለው መንገድ ደግሞ መኪና በሚበዛበት ምሽት ከአንድ ሰዓት ተኩል ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሠራተኛው ደርሶ የውኃ ልብሱን እስኪለብስ ሳልፈሮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይሆናል።

የወንዝ ወዳጅ፦ ለዚህም ነው ፖቶማክ ለሥራ ቀን፣ ጋንፓውደር ለቅዳሜ የሚሆነው።

ተጠራጣሪ፦ ሰዓቱ በዚህ መንገድ ተከፋፈለ ይባል። ትኩረት ግን እንደ ሰዓት አይከፋፈልም። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በብዙ ወንዞች ላይ የተከላቸው መለኪያዎች የውኃውን መጠን፣ በአንዳንድ ቦታም ሙቀቱን፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው እየመዘገቡ ለሕዝብ ያቀርባሉ፤ ይህ ለአጥማጅ የተመቸ ነገር ቢሆንም፣ ሰውየው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ልቡ ወንዝ ውስጥ እንዲውል የሚያደርገውም እርሱ ነው። የዚህ አደጋ ከፍተኛው ምሳሌ በታሪክ ተመዝግቧል። ኤድዋርድ ግሬይ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1916 የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩና በዝንብ ስለ ማጥመድ በ1899 መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1914 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ለሰርቢያ የሰጠችው የማስጠንቀቂያ ጊዜ በሚያበቃበት ቀን፣ ግሬይ እንደ ልማዳቸው ከለንደን ወጥተው በኢቸን ወንዝ ዳር ወዳለችው የማጥመጃ ጎጇቸው ሄዱ። አውሮፓ ወደ ጦርነት ልትገባ የቀሯት ቀናት ብቻ ነበሩ።

የወንዝ ወዳጅ፦ ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ተነግሯል። በማግስቱ እሑድ የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን አርተር ኒኮልሰን አራት ኃያላን መንግሥታት ተሰብስበው እንዲመክሩ የሚጠይቅ አሳብ በቴሌግራም ሲያቀርቡላቸው፣ ግሬይ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፤ አሳቡ የከሸፈውም ጀርመን ስላልተቀበለችው እንጂ ሚኒስትሩ ወንዝ ዳር ስለነበሩ አይደለም። በዚያ ላይ ጦርነቱ በአንድ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚመካኝ ጉዳይ አይደለም። ወንዝና የመንግሥት ሥራ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር እ.ኤ.አ. በ1929 በቨርጂኒያ ተራሮች፣ በራፒዳን ወንዝ መነሻ ላይ የማረፊያ ሰፈር ሲያሠሩ፣ ቦታው ከዋሽንግተን ከ100 ማይል እንዳይርቅ፣ ከትንኝ ለመዳን ከፍታው ከ2,500 ጫማ እንዳያንስና ትራውት ያለበት ወንዝ እንዲሆን ፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ራምዚ ማክዶናልድ ወደዚያ ሰፈር መጥተው ሁለቱ መሪዎች የባሕር ኃይል ትጥቅን ስለ መቀነስ ተነጋግረዋል። ይህ ማለት ወንዙ ከሥራ መሸሸጊያ ብቻ ሳይሆን ሥራ የሚሠራበት ቦታም ሆኗል ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ የዚያው የኦክቶበር ወር መጨረሻ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የወደቀበት መሆኑ ለምሳሌው ጥሩ ጎረቤት አልሆነለትም።

የወንዝ ወዳጅ፦ ይህ ቀልድ እንጂ መከራከሪያ አይደለም፤ ገበያው የወደቀው በራፒዳን ትራውት ምክንያት አልነበረም።

ተጠራጣሪ፦ ቀልዱ ይቅር። የግሬይ ምሳሌ የቀረበው ግን ጦርነቱን ያስቀሩ ነበር ለማለት አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው፤ በዚያ እሑድ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ነበር የሚለው ነው። ሚኒስትሩ ወንዝ ዳር ሳሉ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቴሌግራም የሚያነበው፣ አሳብ የሚያፈልቀውና መልስ የሚጠብቀው ኒኮልሰን ነበር። ሁቨርም ቢሆኑ ወንዙ ላይ መሥራት የቻሉት ሥራው እርሳቸው ወዳሉበት የሚመጣ ሰው በመሆናቸው ነው፤ ደመወዝተኛው ግን ሥራው ወዳለበት የሚሄድ ሰው ነው። በሁለቱም በኩል በጽኑ የተያዙት ሰዎች መጨረሻም ይታወቃል። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጆን ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ልብ ወለድ ስም ሲያስገኝላቸው፣ ብዙም ሳይቆዩ ዳኝነቱን ለቀው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው፣ ወደ ትራውታቸውና ወደ ጽሕፈታቸው ተመለሱ። አንዱን ካልለቀቁ ሌላው እንደማይሞላ የገባቸው ይመስላል።

የወንዝ ወዳጅ፦ ቮልከር መልቀቅ የቻሉት መጽሐፋቸው ስለተሸጠና ወደ ፊልምም ስለተለወጠ ነው፤ የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ምርጫ አይቀርብለትም። ለአብዛኛው ሰው ያለው ጥያቄ ሥራውን ይልቀቅ ወይስ ወንዙን የሚል ሳይሆን፣ ሥራው እንዳለ ሆኖ ከወንዙ ምን ያህሉ ይበቃዋል የሚል ነው። ሸክሙ በባልደረባ ትከሻ ላይ ይወድቃል የተባለው ግን ክብደት ያለው ነገር ስለሆነ በችኮላ አይታለፍም፤ መልሱ ይቆይ።

ተጠራጣሪ፦ ይቆይ፤ ነገር ግን አይረሳ። እስከዚያው ወደ ጉዞው ይገባ። የአሜሪካ የፌዴራል የሥራ ሕግ የግል ቀጣሪዎች ለሠራተኛ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጡ አያስገድድም፤ ስለዚህ ዕረፍት የሚገኘው በቀጣሪው ፈቃድና በጥቂት ቀናት ተመጥኖ ነው። በስደት ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ እነዚያ ቀናት ገና ሳይጠራቀሙ አገር ቤት ለሠርግ፣ ለተዝካርና ወላጅ ለመጠየቅ ተቆጥረው ያለቁ ናቸው። በዚህ ላይ በሰኔ ሞንታና መሄድ የሚፈልግ ሰው በሚያዝያ ግማሽ ቀን እያስፈቀደ ፖቶማክ ላይ ቢውል፣ ትልቁን ጉዞ በትንንሽ መውጫዎች እየሸራረፈው ነው። ይልቅ ጸደዩን ትቶ ሥራውን አጥብቆ ቢሠራ፣ የጉዞውን ዕቃ በረጋ መንፈስ ቢያዘጋጅ፣ ጊዜው ሲደርስም በሙሉ ልብ ቢሄድ አይሻልም?

የወንዝ ወዳጅ፦ አገር ቤት ለሚሄደው እንኳ ወንዙ ሩቅ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች በወይብና በዳንካ ወንዞች ከኬንያ ተወስደው የተለቀቁ ቡናማና ቀስተ ደመና ትራውቶች ይኖራሉ፤ ወላጅ ተጠይቆ ሦስት ቀን የተረፈው ሰው ሊያስብበት ይችላል። ወደ ዋናው ጥያቄ ሲመጣ ግን፣ ጸደዩን ትቶ ለጉዞ መዘጋጀት የሚባለው ነገር በሻንጣ የሚገባውንና የማይገባውን አልለየም። የሞንታናው የማዲሰን ወንዝ በሰኔ የሚታወቀው ሳልመንፍላይ በተባለ ግዙፍ ነፍሳት ነው። ይህ ነፍሳት ከ3 እስከ 4 ዓመት በእጭነት ከድንጋይ ሥር ከኖረ በኋላ፣ እንደ ሜይፍላይ በውኃው ገጽ ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ተሳቦ በቁጥቋጦ ላይ ይወጣል፤ የሚወጣበትም ስፍራ ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ከቀን ወደ ቀን ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ይጓዛል። እርሱን የሚመስለው ሰው ሠራሽ ዝንብ የጣት ያህል ርዝመት ያለውና ነፋስ የሚይዘው ነው፤ ሸለቆውም ነፋሻ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዘንግ ያልጨበጠ እጅ ይህን ዝንብ በዚያ ነፋስ ውስጥ ከቁጥቋጦው ሥር ለማሳረፍ ሲሞክር፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ጉዞ የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ለልምምድ ያጠፋቸዋል። በፖቶማክ ለሻድ የሚወረወረው ዝንብ ክብደት የተጨመረበት፣ ገመዱም የሚሰጥም ስለሆነ፣ በሚያዝያ ከሥራ በፊት የሚገኘው አንድ ሰዓት ክንዱን ለዚያ ያሠለጥነዋል። የተቀደደ የውኃ ልብስ፣ የላላ መዘውር፣ የማይዝ ቋጠሮም ቢሆን ጉዱ የሚታወቀው ቤት ውስጥ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ነው። ጸደዩ ለጉዞው ተቀናቃኝ ሳይሆን የዝግጅቱ ግማሽ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይህ መልስ ጸደዩን የጉዞው ሎሌ ያደርገዋል። ለራሱ ሲባል የሚወደድ ነው የተባለው ወንዝ ወደ ልምምድ ሜዳ ወረደ።

የወንዝ ወዳጅ፦ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን የሚመረጠው የቅርቡ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በበረዶ ላይ የዘነበ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ማዲሰን የሚነሣበት የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ አምስቱም መግቢያዎች ተዘግተው ነበር፤ ለዚያ ሳምንት ለወራት ሲዘጋጅ የከረመና ጸደዩን ለዚያ ብሎ የዘለለ ሰው በእጁ ምንም አልቀረለትም። በሚያዝያ ፖቶማክ ዳር የነበረው ግን ቢያንስ ያን አግኝቷል።

ተጠራጣሪ፦ መልካም፤ አሁን ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይቅረብ፤ ይህ የሠራተኛውን ጊዜ ሳይሆን የወንዙን ደኅንነት የሚመለከት ነው። ከኒው ዚላንድ የመጣውና ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚያህለው የጭቃ ቀንድ አውጣ በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይዳሆ ታይቶ፣ በ1990ዎቹ ማዲሰን ወንዝ ደረሰ፤ በ2017 ደግሞ እዚሁ በጋንፓውደር ተገኘ። ሴቲቱ ያለ ወንድ ስለምትራባ፣ በጫማ ማሰሪያ ቀዳዳ ውስጥ የቀረች አንዲት ቀንድ አውጣ አዲስ ወንዝ ለመውረር ትበቃለች፤ በእርጥብ ነገር ላይ ደግሞ ለቀናት ሳትሞት ትቆያለች። ዲዲሞ የተባለው የወንዝ ወለል የሚሸፍን ጥቃቅን ዋቅላሚም በዚያው በጋንፓውደር አለ። ጋንፓውደር የሚገኝባት ሜሪላንድ በ2011፣ የሎውስቶን ፓርክ በ2018 ፌልት የተባለ ውኃ የሚይዝ ሶል ያላቸውን ጫማዎች የከለከሉት በዚህ ሥጋት ነው። ማዲሰን አንድ ጊዜ ተጎድቷል፤ በ1994 አዟሪ በሽታ የሚባለውን የሚያመጣ፣ የትንንሽ ዓሣዎችን ልም አጥንት የሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ እንደገባበት ሲታወቅ የቀስተ ደመና ትራውቱ ቁጥር በ90 ከመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። እንግዲህ ሐሙስ ማታ ከጋንፓውደር ተመልሶ፣ ዓርብ እስከ ማታ ቢሮ ውሎ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው እርጥብ ጫማውን ምን ያደርገዋል? ማጠቢያና ማድረቂያ ጊዜ የሌለው ማን ነው ቢባል፣ ሦስቱን ነገር ባንድ ጊዜ የያዘው ይህ ሰው ነው። ጥድፊያው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሱ ጉዳይ ይባል ነበር።

የወንዝ ወዳጅ፦ ይህ ተቃውሞ በማስተባበያ አይመለስም፤ የሚመለሰው አንድ ነገር በመተው ነው። ሞንታና ለአጥማጅ ከምትጠይቃቸው ፈቃዶች መካከል አንዱ የውኃ ወራሪ ዝርያዎችን ለመከላከል የሚከፈል መሆኑ ራሱ ጉዳዩ የዝግጅት አካል መሆኑን ያሳያል፤ ሆኖም ፈቃድ መክፈል ጫማ አያጥብም። ጭቃው በብሩሽ መውጣት አለበት፣ ጫማው ለሰዓታት በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ቢያድር ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መድረቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንት ተኩል ያለ ወንዝ ማለፍ አለበት፤ ሳልፈሮቹ በዚያ ሳምንት ቢወጡም ይውጡ። አቅም ያለው ሁለተኛ ጥንድ ጫማ ይይዛል፤ የሌለው ግን ቀኑን ይተዋል።

ተጠራጣሪ፦ ታዲያ ከሦስቱ አንዱ ወደቀ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የተባለው ይኸው ነበር።

የወንዝ ወዳጅ፦ ለአሥር ቀን ወደቀ፤ ለወቅቱ አይደለም። መጀመሪያ የተባለው ሦስቱ አብረው አይዘልቁም ነው፤ እዚህ ላይ የተደረሰው ግን ሦስቱ በየሳምንቱ እኩል አይሆኑም የሚል ነው። ሄንድሪክሰን ለሥራው ተተወ፣ የሰኔ መጀመሪያው ሳልፈር ለማዲሰን ደኅንነት ተተወ። የሚያዝያው ሻድና የግንቦቱ ቅዳሜ ቀሩ።

ተጠራጣሪ፦ በቀጠሮ የተተወው ኒኮልሰን ግን አሁንም ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። አጥማጁ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱ ሁልጊዜ አጣዳፊ ሆኖ ይሰማል፤ ዓሣው በዚህ ሳምንት ነው የሚመጣው፣ ነፍሳቱ በዚህ ሳምንት ነው የሚወጣው ይላል፣ እውነትም ነው። ባልደረባው የሚፈልገው ደግሞ እንዲያው ማረፍ ነው፤ ድካም ወቅት የለውም፣ በመለኪያም አይታይም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው። ቀን ያለው ፍላጎት ቀን የሌለውን ፍላጎት በየጊዜው ይረታዋል። በዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸደይን ሙሉ የሚወጣው አንዱ፣ ጸደይን ሙሉ የሚሸፍነውም ሌላው ይሆናል፤ ማንም ሳይበድል።

የወንዝ ወዳጅ፦ ነፍሳቱ ቀን ቆርጦ ስለማይመጣ፣ ባልደረባው አስቀድሞ ቀኖቹን ይምረጥ፤ አጥማጁ በተረፉት ይሂድ። ፖቶማክ ላይ ሻድ ለሳምንታት ስለሚቆይ የተረፈው ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃል። የማዲሰን ጉዞም በጥር ላይ ከተጻፈ፣ ባልደረባው በነሐሴ የሚወጣበት ሳምንት ከጎኑ ይጻፍ።

ተጠራጣሪ፦ ባልደረባው በነሐሴ መውጣት ባይፈልግስ፣ ምናልባት እርሱም የሚፈልገው ያንኑ የሰኔ ሳምንት ቢሆንስ?

የወንዝ ወዳጅ፦ ያን ጊዜ ሳልመንፍላዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል፤ በወንዙ ውስጥ የሁለትና የሦስት ዓመት እጮች ስላሉ ነፍሳቱ አይጠፋም፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ገንዘብ ግን ላይመለስ ይችላል።